የሸክላ ማጫወቻ አመራረጥ

የሸክላ ማጫወቻ በሸክላ ላይ በቦይ መልክ የተቀረጸን ድምፅ በመርፌ እያነበበ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ለቤት ሲመረጥ አምስት ተያያዥ ክፍሎች አብረው ይታያሉ፤ እነርሱም ሸክላውን የሚያሽከረክረው ማዞሪያ፣ ክንዱ፣ ካርትሪጁ ከነመርፌው፣ የፎኖ ፕሪአምፕሊፋየሩ፣ በመጨረሻም አምፕሊፋየሩና ስፒከሮቹ ናቸው። አንዳንዱ ማጫወቻ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሳጥን ይዞ ይሸጣል፤ በሌላው ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ ይገዛል።

ይህ መሣሪያ ከሌሎች የድምፅ መሣሪያዎች የሚለይበት ዋና ነገር የሚያነበውን ዕቃ በቀጥታ መንካቱ ነው። ሲዲ የሚነበበው በብርሃን ነው፤ የሙዚቃ ፋይልም ሺህ ጊዜ ቢከፈት አያልቅም። ሸክላ ግን በተጫወተ ቁጥር የመርፌው ጫፍ ቦዩን እየነካ ያልፋል። ስለዚህ የመጥፎ ስፒከር ጉዳት ለጆሮ ብቻ ሲሆን ያረጀ ወይም በጣም የከበደ መርፌ ግን ሸክላውን ራሱን ያበላሻል፤ የተበላሸ ቦይም ተመልሶ አይጠገንም። የምርጫው ቅደም ተከተል ከዚህ ይነሳል፦ በመጀመሪያ ሸክላውን የማይጎዳ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ የማይዛባ፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ የሚያምር ማጫወቻ ይፈለጋል።

## አጭር ታሪክ

ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ቶማስ ኤዲሰን በ1877 እ.ኤ.አ. ሠራ። የኤዲሰን መሣሪያ በሲሊንደር ላይ የሚቀርጽ ነበር፤ ጠፍጣፋውን ሸክላና ግራሞፎኑን ያመጣው በ1887 እ.ኤ.አ. ኤሚል በርሊነር ነው። ኮሎምቢያ ኩባንያ በ1948 እ.ኤ.አ. ባለ 33⅓ ዙሩን ረጅም ሸክላ (ኤልፒ)፣ አርሲኤ ቪክተር ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. ባለ 45 ዙሩን ትንሽ ሸክላ ለገበያ አቀረቡ። ስቴሪዮ ሸክላ በገበያ የተስፋፋው ከ1958 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ያስቀረጹትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ሳሉ ነው። በአገር ውስጥ የሸክላ ሥራ በጣም የደመቀው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነበር። በዚህ ጊዜ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ፣ እንዲሁም ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስ የጥላሁን ገሠሠን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የማሕሙድ አሕመድን፣ የአለማየሁ እሸቴን፣ የሙላቱ አስታጥቄንና የሌሎችን ሥራዎች አሳትመዋል። ከዚያ በኋላ ካሴት ቦታውን ወሰደ።

ከዚያ ዘመን የቀሩት የኢትዮጵያ ሸክላዎች አብዛኞቹ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን የያዙ ባለ 45 ዙሮች ናቸው። ከፊሎቹ በኋላ በሲዲና በአዲስ ሸክላ እንደገና ቢታተሙም ብዙዎቹ ዳግም አልታተሙም። በመሆኑም በአንድ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ሸክላ ቢበላሽ ሌላ ቅጂ ላይገኝ ይችላል።

## የሸክላው ዓይነት

ማጫወቻ ከመግዛት በፊት ቤት ውስጥ ያሉት ሸክላዎች ምን ዓይነት እንደሆኑ መለየት ያስፈልጋል።

* ባለ 33⅓ ዙር (ኤልፒ) – ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ ይይዛል።
* ባለ 45 ዙር – ስፋቱ 17.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንዱ መሐሉ ላይ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆን ትልቅ ቀዳዳ ስላለው በማዞሪያው መሐል የሚቀመጥ ክብ አዳፕተር ይፈልጋል።
* ባለ 78 ዙር – የቀድሞው የግራሞፎን ሸክላ ነው። እንደ ስሙ ቢወድቅ ይሰበራል። ቦዩ ከሌሎቹ በጣም ሰፊ ነው።

ዛሬ የሚሸጡት ማጫወቻዎች ሁሉም ለማለት ይቻላል በ33⅓ እና በ45 ዙር ይሠራሉ። በ78 ዙር የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። ፍጥነቱ ቢኖርም እንኳ ባለ 78 ዙርን በኤልፒ መርፌ ማጫወት አይገባም። የኤልፒ መርፌ ጫፍ ቀጭን ስለሆነ በሰፊው ቦይ ግድግዳዎች ላይ አይደገፍም፤ ወለሉ ድረስ ወርዶ አቧራና ጭረት ያነባል። ለዚህ ሸክላ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ወፍራም ጫፍ ያለው የራሱ መርፌ ያስፈልጋል።

## ማዞሪያው

የማዞሪያው ሥራ ሸክላውን በተወሰነ ፍጥነት ያለ መንቀጥቀጥ ማሽከርከር ነው። ሞተሩ ኃይሉን ለማዞሪያው በሚያስተላልፍበት መንገድ በሦስት ይከፈላል።

በቺንጋ የሚዞር። ሞተሩ ከማዞሪያው ተለይቶ ይቀመጥና በቀጭን የላስቲክ ቺንጋ ያሽከረክረዋል። ቺንጋው የሞተሩን ንዝረት ስለሚውጥ በዝቅተኛ ዋጋም ጸጥ ያለ ማጫወቻ ለመሥራት ይመቻል። ጉድለቱ ላስቲኩ በጊዜ ብዛት መለጠጡና መድረቁ ነው፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ይወርዳል ወይም ይወላውላል። ቺንጋ ግን በቀላሉ የሚቀየር ዕቃ ነው።

በቀጥታ የሚዞር። ማዞሪያው በራሱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ይቀመጣል። ይህን አሠራር በ1970 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የቴክኒክስ ኤስፒ-10 ሲሆን በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤስኤል-1200 በኋላ በዲጄዎች ዘንድ የታወቀ ሆኗል። ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል፤ የሚያረጅ ቺንጋም የለውም። ርካሽ ሆኖ ሲሠራ ግን የሞተሩ ንዝረት ወደ መርፌው ሊደርስ ይችላል።

በላስቲክ ጎማ የሚዞር። ሞተሩና ማዞሪያው መካከል ያለ ትንሽ ጎማ ኃይሉን ያስተላልፋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተለመደ ነበር። ጎማው ከደረቀ ጉርምርምታ ያሰማል።

የፍጥነት መዛባት በቀላሉ የሚታወቀው ረጅም ድምፅ በሚያዝበት ቦታ ነው። ዋሽንት፣ ሳክስፎን ወይም ኦርጋን አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ድምፁ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ከሆነ ማዞሪያው እኩል አይዞርም ማለት ነው።

## ካርትሪጅ

ካርትሪጅ በክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰር፣ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ክፍል ነው።

* የሴራሚክ ካርትሪጅ – በርካሽ ማጫወቻዎች፣ በተለይም እንደ ሻንጣ በሚዘጉት ውስጥ ይገኛል። ከፍተኛ ምልክት ስለሚያወጣ ልዩ ፕሪአምፕሊፋየር አይፈልግም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ግራም በሚደርስ ክብደት ሸክላውን ይጫናል፤ የሚያስተካክሉበት ክብደትም የለውም።
* ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለው ካርትሪጅ – ለቤት በጣም የተለመደው ነው። ከ3 እስከ 6 ሚሊ ቮልት ያወጣል። ክብደቱ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው። ዋና ጥቅሙ መርፌው ሲያልቅ ካርትሪጁን ሳይነቅሉ መርፌውን ብቻ መቀየር መቻሉ ነው። ለምሳሌ ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ የተባለው 5.5 ሚሊ ቮልት ያወጣል፤ ፋብሪካው የሚያዘው ክብደት 1.8 ግራም ነው።
* ተንቀሳቃሽ ጥቅል ሽቦ ያለው ካርትሪጅ – ጥቃቅን ድምፆችን በደንብ ያነባል ተብሎ ይመረጣል። አብዛኛው ከግማሽ ሚሊ ቮልት የማይበልጥ ምልክት ስለሚያወጣ ጠንካራ ፕሪአምፕሊፋየር ይፈልጋል። መርፌው በቤት ውስጥ አይቀየርም፤ ዋጋውም ውድ ነው።

ለጀማሪ የሚመከረው ሁለተኛው ነው። ከመግዛት በፊት ተለዋጭ መርፌ የት እንደሚገኝ ማረጋገጥ ከማጫወቻው መልክ ይበልጣል።

## መርፌ

የጥሩ መርፌ ጫፍ ከአልማዝ ይሠራል። በቅርጹ ሁለት ዓይነት መርፌ በብዛት ይገኛል። ክብ ጫፍ ያለው ርካሽ ነው፤ ትንሽ ቢጣመምም ብዙ አይጎዳም፤ ለባለ 45 ዙርና ለአሮጌ ሞኖ ሸክላ ይስማማል። ሞላላ ጫፍ ያለው ጎኑ ቀጭን ስለሆነ የቦዩን ጥቃቅን መታጠፊያ በተሻለ ይከተላል፤ በትክክል መተከል ግን አለበት።

የሁለቱ ልዩነት የሚሰማው በተለይ ሸክላው ወደ መሐል ሲጠጋ ነው። ኤልፒ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር በውጭኛው ጠርዝ መርፌው ሥር በሴኮንድ 51 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦይ ያልፋል። በመጨረሻው ዘፈን አካባቢ ግን 21 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ስለሚጨመቅ ወፍራም ጫፍ ሊከተለው ያቅተዋል፤ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉ ድምፆች ይሻክራሉ።

መርፌ እንደ ቅርጹና እንደ አያያዙ ከ300 እስከ 1000 ሰዓት ያገለግላል። በ300 ሰዓት ብናሰላው 40 ደቂቃ የሚፈጁ 450 ኤልፒዎችን ማጫወት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ ጠርዝ ያወጣና ቦዩን መፋቅ ይጀምራል። ይህ በዓይን አይታይም፤ ድምፁም ቀስ በቀስ ስለሚበላሽ ባለቤቱ ላያስተውለው ይችላል። ዕድሜው በማይታወቅ መርፌ ውድ ሸክላ ማጫወት የማይመከረው ለዚህ ነው።

## የፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር

ሸክላ ሲቀረጽ ዝቅተኛው (ወፍራሙ) ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ከፍተኛው (ቀጭኑ) ድምፅ ደግሞ ይጨመራል። ወፍራም ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩን በጣም ስለሚያሰፋው በአንድ ገጽ የሚይዘው ደቂቃ ያንስ ነበር፤ ቀጭኑ መጨመሩም የሸክላውን ሽሽታ ለመሸፈን ይረዳል። ይህ አሠራር ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርአይኤኤ በሚባል መለኪያ አንድ ወጥ ሆኗል። በሁለቱ ጫፎች ልዩነቱ እያንዳንዳቸው 20 ዴሲቤል ያህል ነው።

የፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር ሥራ ሁለት ነው፤ የካርትሪጁን ደካማ ምልክት ያሳድጋል፣ የተቀነሰውን ጨምሮ የተጨመረውን ቀንሶ ድምፁን ወደ ቦታው ይመልሳል። በማጫወቻው ውስጥ፣ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ («ፎኖ» ተብሎ በተጻፈበት ማስገቢያ) ወይም ለብቻው በትንሽ ሳጥን ሊገኝ ይችላል። ከሦስቱ አንዱ መኖር አለበት፤ ሁለቱ በአንድ ላይ መሥራት የለባቸውም። ጨርሶ ከሌለ ድምፁ በጣም ዝቅ ያለና ቤዝ የሌለው ይሆናል። ሁለቱ ከተደራረቡ ደግሞ ይጮኻል፣ ይሰነጣጠቃል። ብዙ ጊዜ «ማጫወቻው ተበላሽቷል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ሆኖ ይገኛል።

## ቮልትና ኸርዝ

ማጫወቻ ከውጭ አገር ሲመጣ ከቮልቱ በተጨማሪ ኸርዙ መታየት አለበት። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በጀርመንና በእስራኤል 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ቮልቱ ከእኛ ጋር ቢቀራረብም ኸርዙ 60 ነው።

በብዙ የቆዩ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስነው በኸርዙ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራው ወደ 50 ኸርዝ ሲመጣ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል። 33⅓ የነበረው 27.8፣ 45 የነበረው 37.5 ዙር ይሆናል። የ4 ደቂቃ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድምፁም ከሦስት ሴሚቶን በላይ ይወፍራል፤ የሴት ድምፅ የወንድ ሊመስል ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን ስለማይለውጥ ይህን አያስተካክልም። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ፑሊ ማስገባት ወይም 60 ኸርዝ የሚያመነጭ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ መጠቀም ነው።

በአዳፕተር የሚሠሩ ባለ ዲሲ ሞተር ማጫወቻዎችና ፍጥነታቸው በክሪስታል የሚጠበቅ፣ በቀጥታ የሚዞሩ ማጫወቻዎች ይህ ችግር የለባቸውም። አዳፕተሩ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከተጻፈ በሁሉም አገር ይሠራል። አዳፕተር የሌለው ማጫወቻ ግን ኸርዙ ባይመለከተውም ቮልቱ መስማማት አለበት፤ የ120 ቮልት ማጫወቻን በቀጥታ 220 ላይ መሰካት ያቃጥለዋል።

በእጅ የሚሠራ ማጫወቻ እየተጫወተ መብራት ቢጠፋ ክንዱን አንስቶ ማሳረፊያው ላይ ማስቀመጥና ማብሪያውን መዝጋት ይገባል። አለዚያ መርፌው ሸክላው ላይ እንዳለ ይቆያል፤ መብራቱ ሲመጣም በድንገት ይነሳል።

## አምፕሊፋየርና ስፒከር

ቤት ውስጥ አምፕሊፋየር ካለ በጀርባው «ፎኖ» የሚል ማስገቢያ መኖሩን ማየት ነው፤ ከሌለ «ኦክስ» በሚለው በፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር በኩል ይገባል። አምፕሊፋየር ለሌለው ቤት የራሳቸው አምፕሊፋየር ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ይበቃሉ። ብሉቱዝ ያለው ማጫወቻ ገመድ ያስቀራል፤ ሆኖም ድምፁ ለማስተላለፍ ወደ ዲጂታል ተለውጦ ይጨመቃል።

ስፒከሩንና ማጫወቻውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ አይመከርም። የስፒከሩ ንዝረት በጠረጴዛው አልፎ ወደ መርፌው ይደርሳል፤ መርፌው እንደገና ያነበዋል፤ ድምፁ ከፍ ሲደረግም ጉርምርምታው እየጨመረ ይሄዳል።

## አተካከል

1. ማጫወቻው የማይነቃነቅ ቦታ ላይ ይቀመጥና በውሃ ልክ ይስተካከላል።
2. የክንዱ የኋላ ክብደት ክንዱ በአየር ላይ አግድም እስኪቆም ድረስ ይዞራል፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ይደረጋል፤ ከዚያ ፋብሪካው ባዘዘው ግራም ልክ ይጨመራል። ትንሽ ዲጂታል የመርፌ ሚዛን ሥራውን ያቀላል።
3. ክንዱን ወደ መሐል የሚስበውን ኃይል የሚያካክሰው ማስተካከያ ከግራሙ ጋር እኩል ቁጥር ላይ ይደረጋል።
4. የካርትሪጁ አቅጣጫ በወረቀት መለኪያ ይስተካከላል።
5. ቀጭኑ የግራውንድ ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ወይም ከፕሪአምፕሊፋየሩ ብሎን ጋር ይታሰራል። ካልታሰረ ያልተቋረጠ «ህምም» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ክብደቱን ከታዘዘው በታች ማድረግ ሸክላውን ያድናል የሚል ግምት አለ፤ ይህ ስሕተት ነው። በጣም የቀለለ መርፌ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየዘለለ ቦዩን ይመታዋል። በፋብሪካው ወሰን መካከለኛ ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

## ያገለገለ ማጫወቻ ሲገዛ

ያገለገለ ጥሩ ማጫወቻ ከአዲስ ርካሽ ማጫወቻ ሊበልጥ ይችላል። ሲገዛ የሚከተሉት ይታያሉ፦

* በጀርባው የተጻፈው ቮልትና ኸርዝ፤
* ክንዱ ወደ ጎንም ወደ ላይም ሳይያዝ በነፃነት መንቀሳቀሱ፤
* ማዞሪያው ሲዞር አለመንገጫገጩና ፍጥነቱ፤ ይህን ለማወቅ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ በስልክ ሰዓት መቁጠር ይቻላል፤
* ግራና ቀኝ ሁለቱም ስፒከር መሥራታቸው፤
* የካርትሪጁ ስም፣ ተለዋጭ መርፌውም መገኘቱ።

ማጫወቻው በጣም ንጹሕ ቢሆንም መርፌውን እንዳለቀ መቁጠርና የአዲስ መርፌ ዋጋ ከመጀመሪያው መደመር ይገባል። ለመሞከር ደግሞ ብርቅ ያልሆነ ሸክላ ይያዛል።

## ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

ዳግም ያልታተመ ሸክላ ያለው ሰው በአዲስ መርፌና በንጹሕ ሸክላ አንድ ጊዜ ገልብጦ ከዚያ በኋላ ቅጂውን ቢያዳምጥ ሸክላውን ያተርፋል። ዩኤስቢ ያለው ማጫወቻ በቀጥታ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል፤ ከሌለው የድምፅ ማስገቢያ ካርድ ያስፈልጋል። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለመቅረጽ ይበቃል።

በሲዲ ደረጃ፣ ማለትም በሴኮንድ 44,100 ናሙና በ16 ቢት ስቴሪዮ ሲቀረጽ አንድ ደቂቃ 10.6 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ የ40 ደቂቃ ኤልፒ 420 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል። በፍላክ ዓይነት ቢቀመጥ ከድምፁ ምንም ሳይጠፋ መጠኑ በእጅጉ ይቀንሳል። ኤምፒ3 ለስልክ ይሆናል እንጂ ለማስቀመጫ አይመከርም። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ ዴሲቤል በታች መቆየት አለበት፤ ያለፈው ይቆረጣል። ጭረትና ሽሽታ የሚያጠፋ ማጣሪያ የሚሠራው በሁለተኛ ቅጂ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳይነካ ይቀመጣል፤ በፋይሉ ስም ላይም የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ የአሳታሚውና የሸክላው ቁጥር ይጻፋል።

## አያያዝ

ሸክላ በጠርዙና በመሐል ወረቀቱ ብቻ ይያዛል፤ ከመጫወቱ በፊት በካርቦን ብሩሽ አቧራው ይጠረጋል፤ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጣል። ተደራርቦ ከተኛ ወይም ከሞቀ ይጣመማል።

## የገንዘብ አደላደል

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚታለፈው እንደ ብሉቱዝ፣ መብራትና የእንጨት መልክ ያለው ነገር ነው። የማይታለፉት ሦስት ናቸው፤ ክብደቱ የሚስተካከል ወይም በፋብሪካ በትክክል የተስተካከለ ክንድ፣ መርፌው የሚቀየር ካርትሪጅ፣ ከአገሩ መብራት ጋር የሚስማማ ሞተር። ስፒከርና አምፕሊፋየር በሌላ ጊዜ በተሻለ ሊተኩ ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ሸክላው በደህና ይቆያል።